«ገባኝ» የሚለው ቃል፦ ፕሮግራም መጻፍን ለመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች በኢንተርኔት ስለማስተማር



ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ርእሱ አንድ ነገር ልበል። አዘጋጆቹ በማስታወቂያው ላይ ያሰፈሩት ስለ ማስተማሪያ ዘዴ የሚናገር ሰፊ ርእስ ነው፤ አልተሳሳቱም። ነገር ግን እኔ ይህን ንግግር ሳዘጋጅ በአእምሮዬ የነበሩት አንድ የ7ኛ ክፍል ልጅና አንዲት ምልክት ናቸው። ስለዚህ ከእነርሱ እንድጀምር ይፈቀድልኝ።

በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ቫይረስ ታማሚ መገኘቱ ከተገለጠ ከጥቂት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እኔ በዚያን ጊዜ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ፓይተን አስተምር ነበር። ልጆቻቸው ቤት ውለው መሰላቸታቸውን ያዩ የሰፈሬ ወላጆች «ለእነዚህስ አንድ ነገር አያስተምሩልንም?» ቢሉኝ፣ በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ በዙም አንድ አነስተኛ ክፍል ከፈትሁ። ወሬው ከዘመድ ወደ ዘመድ ተላልፎ ከአዲስ አበባ ሌላ ከሐዋሳና ከባሕር ዳርም የሚገቡ ነበሩ፤ ሁለት ወንድማማቾች ደግሞ እናታቸው የጎረቤቴ እኅት በመሆኗ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ይገቡ ነበር። ሁሉም በአሁኑ መዋቅር መካከለኛ ደረጃ የምንለው የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የማስተምረውን በግማሽ ፍጥነት ባስተምራቸው ይበቃል ብዬ አስቤ ነበር። ይህ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው፤ ሁለተኛው ግን ይብሳል።

በሦስተኛው ሳምንት «ኢፍ» የተባለውን የሁኔታ ትእዛዝ ጀመርን። ፕሮግራሙ አራት መስመር ብቻ ነበር፤ የተጠቃሚውን ዕድሜ ይጠይቃል፣ መልሱን ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ዕድሜው ከ12 የሚበልጥ ከሆነ ጥቅስ ውስጥ የተቀመጠ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ያሳያል። ስክሪኔን እያሳየሁ፣ በአማርኛ፣ «በመስመሩ መጨረሻ ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉ» አልሁ። ከዚያም «ገባችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። በመልእክት መስኮቱ ላይ «ገባኝ»፣ «ገባኝ ቲቸር»፣ «ገባኝ» የሚለው ቃል ተደረደረ። ቀጠልሁ።

ያ ልጅም «ገባኝ» ብሎ ጽፎ ነበር። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግን አልገባም። እናቱ ደወሉልኝ። «መምህር፣ ልጄ ‹እኔ ለኮምፒውተር አልተፈጠርሁም› ብሎ ላፕቶፑን ዘጋው። ደግሞ ትናንት ማታ ሲያለቅስ ነበር። ምን ሆኖብኝ ይሆን?» አሉኝ። የጻፈውን ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልኝ ለመንኋቸው። ፎቶው መጣ። አራቱም መስመሮች ልቅም ያሉ ናቸው፤ ከሥራቸው ግን የስህተት መልእክት በቀይ ተጽፏል። ደጋግሜ አየሁት፤ ምንም አላገኘሁም። ምስሉን ሳጎላው ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ልጁ በመስመሩ መጨረሻ ያስቀመጠው የእንግሊዝኛውን ኮለን ሳይሆን የእኛን ሁለት ነጥብ ነበር፤ ቃልን ከቃል የምንለይበትን፣ «፡» የሚለውን።

ነገሩን ልብ በሉልኝ። ልጁ የታዘዘውን አድርጓል፤ ሁለት ነጥብ አድርግ አልሁት፣ ሁለት ነጥብ አደረገ። የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሮ ነበርና ወደ ላይኛው መስመር ተመልሶ የረሳትን ምልክት ሲጨምር ወደ እንግሊዝኛ አልመለሰውም። ለዐይን ሁለቱ መንትያ ይመስላሉ። በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር ያላቸው፣ አንዳች ዝምድና የሌላቸው ምልክቶች ናቸው። የዚያን ጊዜው የፓይተን ዕትም የሰጠው መልእክት ደግሞ በእንግሊዝኛ ነበርና፣ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «በመለያ ስም ውስጥ ተቀባይነት የሌለው ምልክት አለ» እንደማለት ነው። የ12 ዓመት ልጅ መለያ ስም ምን እንደሆነ ገና አልተነገረውም፤ ጥፋቱም በስም ላይ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የወጡት ዕትሞች ያጠፋውን ምልክት ለይተው ያሳያሉ፤ ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ለዚያ ልጅ ግን አልደረሰለትም።

በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነበር። በወንበሮች መካከል ስዘዋወር የልጁ እጅ መቆሙን አያለሁ፤ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ እላለሁ፤ «ኪቦርድህን ቀይር» እላለሁ፤ ያልፋል። በኢንተርኔት ክፍል ግን መምህሩ የሚያየው የራሱን ስክሪን ነው። ልጆቹ ዳታ ለመቆጠብ ካሜራቸውን ይዘጋሉ፤ ቤት ውስጥ ሰው ስላለ ማይክሮፎናቸውን ይዘጋሉ። የሚቀረው «ገባኝ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል በእኛ ባህል የጨዋነት ቃል እንጂ የዕውቀት ማረጋገጫ አይደለም። ልጅ መምህሩን «አልገባኝም» ሲል መምህሩን የሚነቅፍ፣ ጓደኞቹንም የሚያዘገይ ይመስለዋል። ስለዚህ ገባኝ ይላል፤ ከዚያም ብቻውን ያለቅሳል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ከባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። «ለዚህ ዕድሜ በጽሑፍ የሚጻፍ ፕሮግራም ለምን አስፈለገ? ስክራች አይበቃቸውምን?» ይላሉ። ስክራችን አከብራለሁ። ከማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከቀረበ ጀምሮ እጅግ ብዙ ልጆችን ለፕሮግራም አብቅቷል፤ ትእዛዞቹን በአማርኛ ማየትም ይቻላል። ዋናው ጥበቡ የማይገጣጠሙት ቁራጮች አለመገጣጠማቸው ነው፤ ልጅ በቋንቋው ሰዋስው ላይ ስህተት ሊሠራ አይችልም። ነገር ግን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጅ አንድ ቀን «እውነተኛው የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የእኔ ልጆች በሁለተኛው ሳምንት ጠይቀውኛል። ያን ጥያቄ የጠየቀን ልጅ አራት ዓመት ጠብቅ ማለት ትክክል አይመስለኝም። ትክክል የሚመስለኝ ሲሻገር ምን ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ከቁራጭ ወደ ጽሑፍ ሲሻገር እጁን ይዞ የሚመራው ቅርጽ ይጠፋል፤ በአማርኛ ያነበበው ትእዛዝ እንግሊዝኛ ይሆናል፤ በተጨማሪም መተየብ የሚባል፣ ማንም ያላስተማረው ሙያ ይጠየቃል። ይህ ሁሉ በአንድ ምሽት ነው።

ስለ እንግሊዝኛው ጥቂት ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ፓይተን ያሉት ቁልፍ ቃላት 35 ናቸው፤ ጀማሪ በመጀመሪያው ወር ከአሥር በላይ አያስፈልጉትም። አሥር ቃል ደግሞ ማንም ልጅ ያጠናል። ችግሩ የቃላቱ ብዛት ቢሆን ኖሮ የሜሪላንዶቹ ወንድማማቾች ባልተደናቀፉ ነበር። እነርሱ እንግሊዝኛው የዕለት ቋንቋቸው ነው፤ ቢሆንም «ፎር» የሚለው ላይ ከሌሎቹ እኩል ቆሙ። ታላቅየው «ፎር ማለት ‹ለ› ማለት አይደለም እንዴ? ታዲያ ለማን ነው?» አለኝ። ከሐዋሳ የምትገባ ልጅ ደግሞ «ፕሪንት» ብላ ጽፋ ካስኬደች በኋላ «ቲቸር፣ ወረቀቱ በየት ነው የሚወጣው?» ብላ ጠየቀች። ሳቅን፤ ጥያቄዋ ግን ከብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥያቄ ይበልጣል። ቃሉ የተወረሰው ኮምፒውተር መልሱን በወረቀት ላይ ይመታ ከነበረበት ዘመን ነው፤ ወረቀቱ ቀርቶ ቃሉ ቀረ። እንግዲህ የፕሮግራም እንግሊዝኛ ለሁሉም ባዕድ ነው፤ እንግሊዝኛ ለሚናገረውም ጭምር።

ለእኛ ልጆች የሚጨመረው ባዕድነት የቃል ቅደም ተከተል ነው። አማርኛ ግሡን ወደ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ያመጣል፤ «ስሙን አሳይ» እንላለን። ፓይተን ግሡን አስቀድሞ በቅንፍ ውስጥ የሚታየውን ያስከትላል። ሁኔታን ስንገልጽም «ቢበልጥ» ወይም «ከሆነ» ብለን በስተመጨረሻ እናስራለን፤ ፓይተን ግን በ«ኢፍ» ይከፍታል። ለዚህ ያገኘሁት መድኃኒት ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱን መስመር ድምፅ አሰምቶ በአማርኛ ማንበብ። መስመሩ «ኢፍ ዕድሜ ከ12 ይበልጣል ኮለን» ተብሎ አይነበብም፤ «ዕድሜው ከ12 የሚበልጥ ከሆነ፣ እንዲህ አድርግ» ተብሎ ይነበባል። ኮለኗ «እንዲህ አድርግ» ተብላ ተሰየመች። ከዚያች ቀን በኋላ ሁለት ነጥብ የሚለውን ስም በክፍሌ ውስጥ አልጠራሁትም። ከኮለኗ በታች ያለው መስመር ለምን በአራት ባዶ ቦታ ወደ ውስጥ እንደሚገባም ያን ጊዜ ያለ ብዙ ማብራሪያ ተረዱት፤ የሚደረገው ነገር ከትእዛዙ ሥር ይቀመጣል።

ወደ ቀዩ ጽሑፍ ልመለስ። ሁላችንም በቀይ እስክሪብቶ ያደግን ነን። በደብተራችን ላይ የተሰመረ ኤክስ ማለት ነገሩ አለቀ፣ ነጥቡ ተቀነሰ ማለት ነው። የስህተት መልእክት በቀይ ሲመጣባቸው ልጆቹ ያነበቡት እንደዚያ ነበር፤ ይልቁንም አላነበቡትም፤ ቀለሙን አይተው ፈረዱ። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሎጎ የተባለውን ለልጆች የተዘጋጀ ቋንቋ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያበጁት ሲይሞር ፓፐርት በ1980 ባሳተሙት «ማይንድስቶርምስ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ስለዚህ ጉዳይ የተናገሩት ሐሳብ ዛሬም አላረጀም። ሲያጠቃልሉት፣ ስለ አንድ ፕሮግራም ሊጠየቅ የሚገባው ትክክል ነው ወይስ ስህተት የሚለው ሳይሆን ሊጠገን ይችላል ወይ የሚለው ነው ይላሉ። ይህን ሐሳብ ለዓመታት ለተማሪዎቼ ስጠቅስ ኖሬያለሁ። በራሴ ክፍል ውስጥ ግን ስህተት የሚጠገንበት አንድም ደቂቃ አልመደብሁም ነበር፤ የእኔ ስክሪን ላይ ስህተት አይታይም ነበርና።

ስለዚህ ክፍሉን እንደገና አዋቀርሁት። መጀመሪያ «ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ በራሴ ላይ ከለከልሁ። በምትኩ አንድ አጭር ፕሮግራም አሳይና «ሳስኬደው ምን ያሳያል?» እላለሁ። ሁሉም መልሱን በመልእክት ሳጥኑ ይጽፋል፤ ነገር ግን እኔ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እስክል ድረስ ማንም አይልክም። ፈጣኖቹ ቀድመው ከላኩ የቀሩት እነርሱን ይገለብጣሉና። በሦስት ቁጥር ላይ መልሶቹ በአንድ ጊዜ ሲፈስሱ የክፍሉ አእምሮ ፊት ለፊቴ ይዘረጋል፤ ሰባቱ 15 ይላሉ፣ አራቱ 105 ይላሉ። 105 ያሉት አሥርንና አምስትን እንደ ጽሑፍ ቀጥለዋቸዋል ማለት ነው፤ የሚቀጥለው ሃያ ደቂቃ በእነርሱ ላይ ይውላል። በእንግሊዝ ሱ ሴንታንስና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት፣ በመተንበይ ተጀምሮ በማስኬድ፣ በመመርመርና በማሻሻል አልፎ የራስን ፕሮግራም በመሥራት የሚያበቃ የማስተማሪያ ቅደም ተከተል አለ፤ የእኔ አሠራር በመሠረቱ የዚያ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ልጅ ከመጻፉ በፊት ማንበብ አለበት። ፊደልም የተማርነው እንደዚያ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ በግድ የመጣ ነው። በሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ሲቆይ ክፍሉ የሚበተን መስሎኝ ነበር። ከኒውዚላንድ ዴል ፓርሰንስና ፓትሪሺያ ሄደን በ2006 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት አንድ የመልመጃ ዓይነት ያን ጊዜ ታወሰኝ። የአንድ ትክክለኛ ፕሮግራም መስመሮች ተዘበራርቀው ይሰጣሉ፤ የተማሪው ሥራ ቅደም ተከተላቸውን መመለስ ነው። ለሰፈሬ ልጆች በወረቀት ጽፌ በበር አቀበልኋቸው፤ ለራቁት በስልክ አነበብሁላቸው፤ እነርሱም በደብተራቸው ጻፉ። መልሱ አራት ወይም አምስት ቁጥር ብቻ ነው፤ «ሦስት፣ አንድ፣ አራት፣ ሁለት ቲቸር» ይሉኛል። ኮምፒውተር የለም፣ ኪቦርድ የለም፣ ዳታ የለም። ያለው ማሰብ ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ይህን ልማድ አልተውሁትም፤ ምክንያቱም ከልጆቹ ገሚሱ ላፕቶፕ እንዳልነበራቸውና በእናታቸው ስልክ ይገቡ እንደነበር ያወቅሁት በዚያው በስልክ ወሬ ነው። እስከዚያ ድረስ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስልኩ የመጀመሪያውን ፊደል በራሱ ትልቅ ያደርገዋል፤ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ጎበጠው ይቀይረዋል፤ ፓይተን ሁለቱንም አይቀበልም። ያ ሁሉ ልጅ ያላጠፋው ጥፋት ነው።

ሦስተኛው የስህተት ደብተር ነው። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ ስህተት ይዞ ይመጣል፤ መልእክቱ ምን አለ፣ እኔ ምን መሰለኝ፣ በኋላ ምን ሆኖ ተገኘ ብሎ በአማርኛ ይጽፋል። ክፍሉን የምከፍተው በራሴ ስህተት ነው። የመጀመሪያው ገጼ ላይ የጻፍሁት «ሁለት ነጥብ አድርጉ አልሁ» የሚል ነበር። ያን ከማንበቤ በፊት ለልጁ እናት ደውዬ ጥፋቱ የእኔ እንደነበረ ነግሬያቸው፣ ልጁም በስልኩ አጠገብ ሆኖ ሰምቷል። ወዲያው አልተመለሰም። በሁለተኛው ሳምንት ካሜራውን ዘግቶ ገባ።

በነገራችን ላይ፣ አሁን ፕሮግራም የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ስለመጡ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል የሚል ተማሪ በዚህ አዳራሽ ሳይኖር አይቀርም። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ እንከን የሌለው ፕሮግራም ላከችልኝ። «ዋጋው በብር መሆኑ ቀርቶ በሳንቲም ቢሆን የትኛውን መስመር ትቀይሪያለሽ?» አልኋት። ዝም አለች። ዝምታዋ በቂ መልስ ነው፤ ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

ይልቅ ብዙዎቻችሁን ሊጠቅም ወደሚችለው ነገር ልሻገር። ፓይተን ከሦስተኛው ዕትሙ፣ ማለትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተለዋዋጮችን ስም በግእዝ ፊደል መጻፍን ይፈቅዳል። «ዋጋ»፣ «ብዛት»፣ «ድምር» ብሎ መሰየም ይቻላል። ልጆቹ ይህን ሲያውቁ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም፤ ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የእነርሱ ሆነ። ኔዘርላንዳዊቷ ፌሊን ኸርማንስ በ2020 ያቀረቧት ሄዲ የተባለች ቋንቋ ከዚህም አልፋ ትእዛዞቹን ራሳቸውን በልጁ ቋንቋ ለማድረግ ትፈቅዳለች፤ የሰዋስው ሕጎቹንም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በደረጃ ታስገባለች፤ በመጀመሪያው ደረጃ የጥቅስ ምልክት እንኳ አያስፈልግም። መንገዱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን በግእዝ ፊደል መሰየም የራሱን ወጥመድ ይዞ መጣ። ከባሕር ዳር የምትገባና የግእዝ አኃዝ የምታውቅ ልጅ «ዋጋ፪» ብላ ሰየመች፤ ፓይተን ተቀበላት። ቀጥላ «፪»ን እንደ ቁጥር ልትደምረው ብትሞክር እምቢ አላት። «በስም ውስጥ ሲሆን ያውቀዋል፣ ብቻውን ሲሆን አያውቀውም?» አለች። ምክንያቱ ዩኒኮድ የግእዝን አኃዞች በአሥር ቤት ከሚቆጠሩት አኃዞች ጎራ ስላልመደባቸው ነው። የግእዝ አቆጣጠር ዜሮ የለውምና አመዳደቡ ምክንያት አለው፤ ለ12 ዓመት ልጅ ግን ይህን ማስረዳት አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀ። ጥሩ ምሽት ነበር።

ያ ልጅ ከተመለሰ ከአንድ ወር ያህል በኋላ የስህተት ደብተሩን የሚያነብበት ተራ ደረሰው። ካሜራውን ከፈተ። አንድ የቀን ርዝመት የሚያሰላ ፕሮግራም እየጻፈ ኖሯል። በሁለተኛው መስመር «ፀሐይ» ብሎ የሰየመውን ተለዋዋጭ በስድስተኛው መስመር «ጸሐይ» ብሎ ጠርቶታል፤ ኮምፒውተሩም እንዲህ ያለ ስም አላውቅም ብሎታል። ደብተሩ ላይ የጻፈውን ያለ ምንም ማፈር አነበበ፤ «መልእክቱ ስሙ አልታወቀም አለ። እኔ ኮምፒውተሩ የተበላሸ መሰለኝ። በኋላ አንዱን በጸሎቱ ጸ፣ አንዱን በፀሐዩ ፀ ጽፌው ተገኘ» ይላል። ከዚያ ቀና ብሎ «ቲቸር፣ ለእኛ እኮ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ አንድ መሆናቸውን የሚነግረው ማነው?» አለኝ።

በዚያ ምሽት የሰጠሁት መልስ እስካሁን ማንም አልነገረውም የሚል ነበር። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለፓይተን ፍጹም ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸው። ይሁንና አንድ የማስተማሪያ አርታኢ ፕሮግራም «ይህን ስም ቀደም ሲል በሌላኛው ጸ ጽፈኸዋል» ብሎ በአማርኛ እንዲናገር ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም። የግእዝ ሁለት ነጥብን በመስመር መጨረሻ ሲያይ «ኪቦርድህን ቀይር» እንዲል ማድረግም እንዲሁ። የዘንድሮ ተመራቂዎች የማሟያ ጽሑፍ ርእስ ለመምረጥ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የልጆቹን የስህተት ደብተሮች ከወላጆቻቸው ፈቃድ ጋር በቢሮዬ አስቀምጫለሁ፤ ስማቸው ተነሥቷል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት ጀምሮ እገኛለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄ ብንሄድ፤ ከኋላ ወንበር ያላችሁ ቅድሚያ ይሰጣችኋል።